ሲሮጡ የታጠቁት፦ የሰደድ እሳት ግዢ ለምን ይወደዳል?

ጥያቄው እንዲህ የሚል ነው፦ «በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ የግዢ ክፍል ኃላፊ ነኝ። ሰደድ እሳት ለማጥፋት ለመሣሪያ፣ ለተሽከርካሪ፣ ለአውሮፕላንና ለእሳት አጥፊዎች ሰፈር አገልግሎት (ለምግብና ለማደሪያ) የምንከፍለው ገንዘብ ከዓመት ዓመት እየጨመረ ነው። ከበላይ የሚመጣልኝ ትእዛዝ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ አቅራቢዎቹን ጠበቅ አድርገህ ዋጋ አስወርድ። እነርሱ ግን አይወርዱም። ለመሆኑ በግዢ አሠራር ብቻ ይህን ወጪ መቀነስ ይቻላል? የሚቻል ከሆነስ ከየት ልጀምር?»

ይቻላል። ከአቅራቢው ጋር በመከራከር ግን አይደለም። በዚህ ሥራ ላይ ረጅም ጊዜ ከቆየሁ በኋላ ያመንኩት ነገር ቢኖር የሰደድ እሳት ግዢን ዋጋ የሚወስነው የተደራዳሪው ብርታት ሳይሆን የውሉ ቀን መሆኑን ነው። ሰማዩ ጥርት ባለበት፣ አቅራቢው ተሽከርካሪውን ግቢው ውስጥ አቁሞ ሥራ በሚፈልግበት ወር የተፈረመ ውልና ጭሱ ከተራራው ማዶ እየታየ የተፈረመ ውል፣ ዕቃው አንድ ዓይነት ቢሆን እንኳ ሁለት የተለያዩ ግብይቶች ናቸው። በመጀመሪያው ገዢው ይመርጣል፤ በሁለተኛው ገዢው ይለምናል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በእሳቱ ቀን የታሰረ ውል ሒሳቡ በሚወራረድበት ቀን ይላላል። ያን ጊዜ የቀን ኪራዩ ነዳጅን ይጨምር ወይም አይጨምር፣ ሹፌሩ ለተኛበት ሌሊት ይከፈለው ወይም አይከፈለው፣ የተቃጠለው ጎማ የማን ዕዳ እንደሆነ የጻፈ ሰው አይገኝም።

ስለዚህ ከየት ልጀምር ላሉት መልሴ፣ የጨረታ ሰነዱን ለጊዜው ያቆዩትና ከአሮጌው ደረሰኝ ይጀምሩ ነው። ያለፉትን አምስት፣ ቢቻል ዐሥር ዓመታት የክፍያ ሰነዶች ያውጡ። ለእያንዳንዱ ተሽከርካሪና ማሽን የተጠራበትን ቀን፣ የደረሰበትን ቀን፣ በእርግጥ የሠራባቸውን ቀናት፣ ቆሞ የዋለባቸውን ቀናትና የተሰናበተበትን ቀን በአንድ ሰንጠረዥ ላይ ያስፍሩ። የሒሳብ ክፍል የሚያውቀው ለማን ስንት እንደተከፈለ ነው፤ ለግዢ የሚጠቅመው ግን የተከፈለበት ነገር ምን ያህል እንደሠራ ማወቅ ነው። ሥራው አሰልቺ መሆኑን አልክድም። አንድ ጊዜ በእርሳስ የተሞሉ የሥራ ሰዓት ወረቀቶችን ከካርቶን እያወጣን ስንቆጥር፣ ለአንድ ዶዘር በአንድ ቀን በሁለት የተለያዩ እሳቶች ላይ ክፍያ ተፈጽሞ አገኘን። ሆን ተብሎ የተደረገ አልነበረም፤ ማሽኑ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዛወር ሁለቱም ቦታዎች ሙሉ ቀን ጻፉለት። እንዲህ ያለውን ነገር ማንም ተደራዳሪ በዋጋ ቅናሽ አይመልሰውም።

ሰንጠረዡ ሲሞላ ፍላጎትዎ ሁለት መልክ እንዳለው ያያሉ። በየዓመቱ ሳይቀር የሚያስፈልግ አለ፤ በክፉ ዓመት ብቻ የሚያስፈልግ አለ። እነዚህን ሁለቱን በአንድ ዓይነት ውል መግዛት የብክነቱ ሁሉ ሥር ነው።

በየዓመቱ ለሚያስፈልገው፣ ለምሳሌ ለውኃ ቦቴ፣ ለእሳት አደጋ መኪና፣ ለዶዘር፣ ለነዳጅ ቦቴ፣ ለተንቀሳቃሽ የገላ መታጠቢያ፣ ከወቅቱ በፊት የሚፈረም የማዕቀፍ ስምምነት ይበቃል። መንግሥት ዕቃውን እወስዳለሁ ብሎ ቃል አይገባም፤ ዋጋውና ግዴታው ግን አስቀድሞ ይታወቃል። የአሜሪካ ደን አገልግሎት በዚህ በኩል የተሠራበት ምሳሌ ነው። ቀድሞ አብዛኛው ኪራይ በአስቸኳይ ጊዜ የኪራይ ስምምነት ወረቀት፣ ብዙ ጊዜም እሳቱ ከተነሣ በኋላ የሚፈረም ነበር። ኋላ ላይ ቪፐር የሚባል በኢንተርኔት የሚሠራ የግዢ ሥርዓት ዘረጋ። ባለተሽከርካሪው ከወቅቱ በፊት ዋጋውንና የማሽኑን ዝርዝር ያስገባል፤ ዋጋውም የማሽኑ ብቃትም ነጥብ ተሰጥቶት በየአካባቢው የጥሪ ቅደም ተከተል ዝርዝር ይወጣል። እሳት ሲነሣ አሰማሪው ከዝርዝሩ አናት ጀምሮ ይደውላል። የሚያውቀውን ሰው አይፈልግም፣ ዋጋም አይጠይቅም።

ሥርዓቱ ግን አንድ ቀዳዳ አለው፤ ሊገለብጡት ካሰቡ ከወዲሁ ይወቁት። መስፈርቱን ያሟላ ሁሉ ዝርዝሩ ውስጥ ከገባ፣ በከባድ ዓመት የመጨረሻው ሰው እንኳ ይጠራል። ይህን የሚያውቅ አቅራቢ ዋጋውን ከፍ አድርጎ ከታች መሰለፍን ይመርጣል፤ ቀላል ዓመት ሲሆን ይከስራል፣ ከባድ ዓመት ሲሆን ኪሳራውን ያካክሳል። ፉክክሩ የሚሠራው እሳት በሌለበት ዓመት ብቻ ሆነ ማለት ነው። መፍትሔው ዝርዝሩን በቁጥር መገደብ፣ ወይም የዋጋ ጣሪያ ማስቀመጥ፣ ወይም ለመጀመሪያዎቹ ጥቂቶች አነስተኛ የሥራ ቀን ዋስትና መስጠት ነው። እኔ ሦስተኛውን እመርጣለሁ። ከ20 ቀን ያላነሰ ሥራ እንደሚያገኝ የተነገረው ሰው፣ ምንም ካልተነገረው ሰው ያነሰ ዋጋ ያቀርባል፤ ያን 20 ቀን ደግሞ ከአሮጌው ደረሰኝ ላይ እንደሚጠቀሙበት አስቀድመው አውቀዋል።

ወደ አየር አገልግሎት ልለፍ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ የአንድ ቀን ስሕተት በገንዘብ ከሁሉ የሚከብደው እዚህ ነውና። የአውሮፕላንና የሄሊኮፕተር ውል ሁለት ክፍያዎች አሉት። አንዱ ማሽኑ ከነአብራሪውና ከነመካኒኩ ዝግጁ ሆኖ ለዋለበት ቀን ይከፈላል፤ ሌላው ለበረረበት ሰዓት። ውሉ ደግሞ ሁለት ዓይነት ይሆናል። በአንደኛው መንግሥት ማሽኑን ለወቅቱ በሙሉ ለብቻው ይይዘዋል፤ ቢበርም ባይበርም የዝግጁነቱን ይከፍላል። በሁለተኛው ዋጋው አስቀድሞ ይፈረማል፣ ማሽኑ ግን ሲያስፈልግ ብቻ ይጠራል። የሁለተኛው የቀን ዋጋ ከአንደኛው በግልጽ ከፍ ይላል፤ ምክንያቱም ስግብግብነት አይደለም። ባለንብረቱ ሥራ ባላገኘባቸው ቀናት የኢንሹራንሱን፣ የደመወዙንና የባንክ ወለዱን መክፈል አያቆምም፤ ያንን ሁሉ በተጠራባቸው ጥቂት ቀናት ላይ ማግኘት አለበት።

ስሌቱን በምናብ ቁጥር ላሳይ። ለ120 ቀን የተያዘ ሄሊኮፕተር የዝግጁነት ክፍያው በቀን 100 ነው እንበል፤ ሲጠራ ብቻ የሚመጣው ደግሞ በቀን 160። የተያዘው ጠቅላላ ወጪ 12,000 ነው። ይህን ለ160 ሲያካፍሉት 75 ይመጣል። በዓመት ከ75 ቀን በላይ የሚፈልጉትን ማሽን መያዝ፣ ከዚያ በታች የሚፈልጉትን መጥራት ይረክሳል። ሰንጠረዥዎ የመጀመሪያው ሄሊኮፕተር በአማካይ ለ110 ቀን፣ ሁለተኛው ለ90፣ ሦስተኛው ለ60፣ አራተኛው ለ20 ቀን እንደሚያስፈልግ ካሳየ ሁለት ይዘው ለቀሩት ሁለቱ የጥሪ ውል ይፈርማሉ። ሦስተኛው ላይ ግን አይቸኩሉ። በጥሪ የሚመጣው ማሽን በጠሩት ቀን ሌላ ገዢ ቀድሞዎት ሊሆን ይችላል፤ ያልመጣ ሄሊኮፕተር ያስከተለው ወጪ ደግሞ በየትኛውም ደረሰኝ ላይ አይጻፍም። ስለዚህ ወደ 75ቱ ቀን ለቀረበው ማሽን እኔ ወደ መያዙ አዘነብላለሁ።

ሒሳቡ ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ለምን ሁሉም አይሠራበትም? የበጀት አርዕስት ስለሚያጣምመው ነው። ብዙ ጊዜ ለዝግጅት የሚመደበው ገንዘብ በየዓመቱ ጣሪያ የተበጀለት ነው፤ እሳት ለማጥፋት የሚወጣው ግን የአስቸኳይ ጊዜ ገንዘብ ስለሆነ ጣሪያው ይለሰልሳል። የተያዘ ማሽን የዝግጁነት ክፍያ ከመጀመሪያው ኪስ፣ የተጠራ ማሽን ክፍያ ከሁለተኛው ኪስ ይወጣል። ቆጣቢ መባል የሚፈልግ ኃላፊ አምስት የነበሩትን የተያዙ ሄሊኮፕተሮች ሦስት ያደርጋቸዋል፤ በሪፖርቱ ይመሰገናል። ወቅቱ ሲመጣ እነዚያው ሁለቱ በከፍተኛው ዋጋ ይጠራሉ፤ ያንን ማንም አይጠይቀውም፤ እሳት ነዋ! አንድ መንግሥት ሁለት ኪስ ስላለው ብቻ ከራሱ ላይ እንዲህ ይሰርቃል።

የኪስ ጉዳይ ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ ማየት ከፈለጉ አሜሪካን ይመልከቱ (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1995 ከደን አገልግሎቱ በጀት እሳት የወሰደው 16 በመቶውን ነበር፤ በ2015 ከግማሽ በላይ ሆነ። ገንዘቡ ባለቀ ቁጥር ከሌሎች ሥራዎች ይበደሩ ነበር። ከተበደሩባቸው ሥራዎች መካከል ደኑን በማሳሳትና ደረቁን ቅጠልና እንጨት በማንሣት የነገውን እሳት የሚቀንሰው ሥራ ይገኝበታል። በ2018 የወጣ ሕግ ከ2020 በጀት ዓመት ጀምሮ የሚሠራ ልዩ ፈንድ ፈቀደ፤ በመጀመሪያው ዓመት 2.25 ቢሊዮን ዶላር፣ እስከ 2027 ድረስ እያደገ 2.95 ቢሊዮን የሚደርስ። መበደሩን ለማስቀረት ጥሩ ሕግ ነው። ነገር ግን ገንዘብ መመደብ አንድ ነገር ነው፣ ከየትኛው ኪስ ቢከፈል እንደሚረክስ ማስላት ሌላ ነገር ነው። እርስዎ በሥልጣንዎ ሥር ማድረግ የሚችሉት የሁለቱን አርዕስቶች ወጪ ለእያንዳንዱ ማሽን ጎን ለጎን በአንድ ገጽ ላይ አስፍሮ ለበላይ ማቅረብ ነው። አንድ ገጽ ይበቃል፤ ሁለተኛውን ገጽ ማንም አያነበውም።

ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ያሸንፋል የሚለው ልማድ በዚህ ሥራ ውስጥ ሰው ገድሏል። በ2002 ክረምት በአሜሪካ ሁለት ትልልቅ እሳት አጥፊ አውሮፕላኖች፣ አንዱ በሰኔ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ሌላው በሐምሌ ኮሎራዶ ውስጥ፣ በሥራ ላይ እያሉ ክንፋቸው ተገንጥሎ ወደቁ፤ አምስት ሰዎች ሞቱ። ሁለተኛው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ለባሕር ኃይል የተሠራ ዓይነት ነበር። በ2004 መንግሥት የ33 ትልልቅ እሳት አጥፊ አውሮፕላኖችን ውል በአንድ ጊዜ አቋረጠ። እንደ ግዢ ባለሙያ የምጠይቀው፣ አቅራቢዎቹ ለምን ያረጀ አውሮፕላን ይዘው መጡ የሚለውን ነው። አጭር ዘመን ባለው ውልና በዝቅተኛ የቀን ዋጋ ማንም ባንክ ለአዲስ አውሮፕላን አያበድርም። የአምስት ዓመት ውል የያዘ ሰው ግን ውሉን አስይዞ ይበደራል፤ ወለዱ ሲቀንስ ዋጋውም ይቀንሳል። የውል ዘመን ማራዘም ለአቅራቢው የሚደረግ ችሮታ አይደለም፤ ገዢው ራሱ ርካሽ ብድር የሚያገኝበት መንገድ ነው። በምትኩ የጥገና መዝገብ የማየት፣ ያለ ማስጠንቀቂያ የመፈተሽና ማሽኑ ተበላሽቶ ለቆመበት ቀን ያለመክፈል መብት ይያዙ።

«ታዲያ ከመከራየት ገዝተን የራሳችን ብናደርገውስ?» የሚለው ሐሳብ ከየስብሰባው አይጠፋም። መልሱ እንደ ነገሩ ነው፤ ነገር ግን ማሽኑን መግዛት ቀላሉ ክፍል መሆኑን ፖርቱጋልን የሚያህል አስተማሪ የለም። በ2006 ስድስት ሩሲያ ሠራሽ ካሞቭ ካ-32 ሄሊኮፕተሮች ለመግዛት ተዋዋለች። ካሞቭ እሳት ላይ ጎበዝ ማሽን ነው። ጥገናው ግን ከዓመት ዓመት ሙግት ሆነ፤ በ2018 ሁሉም መሬት ላይ ቆመው ነበር። ከ2022 በኋላ ሩሲያ ላይ የተጣለው ማዕቀብ መለዋወጫውን ጨርሶ ሲያርቀው፣ ፖርቱጋል ሄሊኮፕተሮቹን ለዩክሬን ለመስጠት ወሰነች። በነጻ የተገኘ አውሮፕላን እንኳ ርካሽ አይደለም። በ2013 መጨረሻ በወጣ ሕግ የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ሰባት ሲ-130 አውሮፕላኖቹን ለደን አገልግሎቱ እንዲያስረክብ ተወሰነ። የክንፍ ጥገናው፣ የእሳት ማጥፊያ ኬሚካል ታንክ ገጠማው፣ የአብራሪው ቅጥር፣ የማረፊያው ጣቢያ አንድ በአንድ ሲመጣ፣ አገልግሎቱ በ2018 ሐሳቡን ተወው። አውሮፕላኖቹ ወደ ካሊፎርኒያ ግዛት ተዛወሩ፤ የመጀመሪያው ሥራ የጀመረው በ2024 ነው። ከዚህ የምወስደው አንድ የአሠራር ነገር ነው፤ ግዢ የሚታሰብ ከሆነ የመግዣው ዋጋ ከነዐሥር ዓመት ጥገናው፣ መለዋወጫውና የሰው ኃይሉ በአንድ ጨረታ ይቅረብ። ጥገናውን ለኋላ የሚያስቀር የግዢ ሰነድ አይፈርሙ።

አንድ ገዢ ብቻውን የማይችለውን ብዙ ገዢዎች አብረው የሚችሉበት ጊዜም አለ። ከሐይቅና ከባሕር ላይ እየተንሸራተተ በ12 ሰከንድ ገደማ ወደ 6,000 ሊትር ውኃ የሚቀዳው የካናዳው ሲኤል-415 አውሮፕላን ምርቱ በ2015 ቆሞ ነበር። አገሮች በተናጠል አንድ ወይም ሁለት ሲጠይቁ ፋብሪካው መስመሩን መልሶ ለመክፈት አላዋጣውም። የአውሮፓ አገሮች ፍላጎታቸውን አሰባስበው ሲቀርቡ አምራቹ ዲኤችሲ-515 በሚል ስም ምርቱን ለመቀጠል ወሰነ። በ2024 ክሮኤሺያ፣ ፈረንሳይ፣ ግሪክ፣ ጣሊያን፣ ፖርቱጋልና ስፔን በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የሚገዙ 12 አውሮፕላኖችን ለማዘዝ ተስማሙ፤ ወጪው ወደ 600 ሚሊዮን ዩሮ ነው። አውስትራሊያ ደግሞ ከ2003 ጀምሮ የክልሎቿን የአየር ኪራይ በአንድ ብሔራዊ ማዕከል በኩል ታስተባብራለች። አውስትራሊያ ሌላ ዕድልም ነበራት፤ የእሳት ወቅቷ ከሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ጋር ስለሚፈራረቅ በዚያ በብርዱ ወራት ሥራ የሚፈታን አውሮፕላን ትከራያለች። የሁለቱ ወቅቶች እየረዘሙ መነካካት ሲጀምሩ ይህ ዕድል እየጠበበ ነው። በዚህ ላይ የተመሠረተ ውል ያለው ሰው የመጀመሪያና የመጨረሻ ሳምንቶቹን ደግሞ ደጋግሞ ይመልከት።

ከአውሮፕላን ወደ ቱቦ ጫፍ ልውረድ። በየካቲት 1904 የባልቲሞር ከተማ ስትቃጠል ከዋሽንግተን፣ ከፊላደልፊያና ከኒውዮርክ ሳይቀር እሳት አጥፊዎች ደረሱላት። የብዙዎቹ ቱቦ ከከተማዋ የውኃ ማውጫ ጋር አልገጠመም፤ ከ1,500 በላይ ሕንፃዎች ወደሙ። ከዚያ በኋላ በተደረገ ቆጠራ በአገሪቱ ውስጥ ከ600 በላይ የተለያየ መጠንና ዓይነት ያላቸው የቱቦ መጋጠሚያዎች ተገኙ፤ ደረጃም ወጣላቸው። ታዲያ በ1991 ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ፣ ከኮረብታዎቿ የወረደው እሳት 25 ሰው ሲገድል፣ የከተማዋ የውኃ ማውጫዎች ባለሦስት ኢንች ነበሩ፤ ከጎረቤት የመጡት ቱቦዎች ባለሁለት ተኩል ኢንች። ደረጃው ከወጣ ሰማንያ ምናምን ዓመት አልፎታል! ይህ የእሳት አጥፊ ጥፋት አይደለም፤ የግዢ ሰነድ ጥፋት ነው። አንድ የግዢ ክፍል ፓምፕ ሲገዛ ከጎረቤቱ ቱቦ ጋር መግጠሙን ካልጠየቀ፣ በዋጋ ያተረፈውን በመለወጫ ብረት፣ በመጋዘን ቦታና በጠፋ ሰዓት ይመልሳል። ስለዚህ በፍላጎት መግለጫው ውስጥ ግትር መሆን ያለብዎት መጋጠሚያው ላይ ነው፤ የቱቦው መጠምዘዣ ክር ዓይነት፣ የሬዲዮው ሞገድ፣ የባትሪው ልክ። የቀረውን ለቀቅ ያድርጉት። የሞተሩን ስም ከመጻፍ ይልቅ «በደቂቃ ይህን ያህል ሊትር፣ ይህን ያህል ከፍታ» ብለው ይጻፉ። የአንድን ድርጅት ካታሎግ ቃል በቃል የገለበጠ መግለጫ አንድ ተጫራች ብቻ ያመጣል፤ አንድ ተጫራች ደግሞ ዋጋውን ራሱ ይወስናል።

ፉክክር መፍጠር ግን እንደ ምኞት አይደለም። ከአውሮፕላን የሚረጨውን እሳት የሚያዘገይ ቀይ ኬሚካል ይውሰዱ። በአሜሪካ ገበያ ለዓመታት አንድ አቅራቢ ብቻ ነበር። ሁለተኛ ተወዳዳሪ ረጅሙን የላቦራቶሪና የሜዳ ፈተና አልፎ በ2023 የተወሰነ ውል አገኘ፤ በአውሮፕላኖቹ ላይ ዝገት በመታየቱ በ2024 ውሉ አልቀጠለም። አንዳንዶች ይህን የሞኖፖል ድል አድርገው ያዩታል። እኔ ሌላ ነገር ይታየኛል፤ ሁለተኛ አቅራቢ የሚፈልግ መንግሥት የፈተናውን ገንዘብና ዓመታት ራሱ ማቀድ አለበት፤ የመጀመሪያው ሙከራ ቢከሽፍም መንገዱን ክፍት መተው አለበት። ከዚያ ውጭ ፈተናውን አቅልሎ ተወዳዳሪ ማስገባት የአውሮፕላን አካል በልቶ የሚመጣ ቁጠባ ነው።

ስለ መጋዘን አጭር እላለሁ፣ ነገሩ ግልጽ ነውና። በአንድ ወገን መጥረቢያ በሌላው ወገን ዶማ የሆነው ፑላስኪ የሚባለው መሣሪያ ስሙን ያገኘው በ1910ሩ ታላቅ እሳት ሰዎቹን በማዕድን ዋሻ ውስጥ አስገብቶ ብዙዎቹን ካተረፈው የአሜሪካ ደን ጠባቂ ኤድ ፑላስኪ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ቅርጹ አልተለወጠም ማለት ይቻላል። እንዲህ ያለ ዕቃ በአስቸኳይ ግዢ ሲገዛ ማየት ያበሽቀኛል። ቱቦ፣ የእጅ መሣሪያ፣ የጀርባ ፓምፕ፣ ጓንት፣ የእሳት መከለያ ድንኳን በጅምላ፣ በጸጥታው ወር፣ ለብዙ መሥሪያ ቤቶች በአንድ ላይ መገዛት አለባቸው። ከእሳት የተመለሰው ቱቦ ታጥቦ፣ ተፈትሾ፣ ተጠቅልሎ ሲመለስ ከአዲስ ይረክሳል። ለእያንዳንዱ እሳት የወጣውና የተመለሰው ዕቃ ልዩነት ደግሞ ለቡድኑ መሪ በስሙ ይላክለት። ስሙ የተጻፈበት ሰው ቱቦ ጫካ ውስጥ ጥሎ ለመሄድ ያመነታል።

በጣም የሚዘነጋው ውሉ ከተፈረመ በኋላ ያለው ነው። የሰፈሩ አገልግሎት፣ ማለትም ምግቡ፣ መታጠቢያው፣ መጸዳጃው፣ ድንኳኑ፣ በሰው ቁጥር ስለሚታዘዝ የትናንቱ ቁጥር ዛሬም ይታዘዛል፤ ሦስት መቶ ሰው ሄዶ የስድስት መቶ ራት ይቀርባል። ቦቴውና ዶዘሩ ሥራቸውን ጨርሰው «ምናልባት ነፋሱ ቢነሣ» እየተባለ ጥላ ሥር ይውላሉ። የቡድኑን መሪ አልወቅሰውም፤ እሳቱ ቢያገረሽ የሚጠየቀው እርሱ ነው፣ ኪራዩን የሚከፍለው ግን ሌላ። ስለዚህ ከግዢ ክፍል አንድ ሰው ሰፈሩ ውስጥ ይኑር፤ በየማታው ቆሞ የዋለውን ማሽን ዝርዝርና የነገውን ኪራይ ድምር በመሪው ጠረጴዛ ላይ ያኑር። ውሳኔው የመሪው ነው፤ ቁጥሩን ግን ይየው። በውሉ ውስጥ ደግሞ ለቆመበት ቀን ከሥራው ቀን ያነሰ ተመን ይኑር፤ በመድረሻው ላይ የብሬክ፣ የፓምፕና የጎማ ፍተሻ ሳያልፍ ሰዓት አይቆጠርለት። የሥራ ሰዓት ወረቀቱ በዕለቱ ይፈረም። በሦስተኛው ሳምንት በትውስታ የሚሞላ ወረቀት መቼም ቢሆን ለከፋዩ አያደላም።

አከፋፈልዎንም ይመልከቱ። ስድስት ወር ቆይተው የሚከፍሉ ከሆነ አቅራቢው የስድስት ወሩን ወለድ በሚቀጥለው ዋጋ ውስጥ ያስገባዋል፤ ትንንሾቹ ደግሞ ጨርሰው ይወጣሉ። ትንንሾቹ ሲወጡ የሚቀሩት ሁለት ወይም ሦስት ትልልቆች እርስ በርስ መተዋወቃቸው አይቀርም። አሸናፊው በየተራ የሚቀያየር ከሆነ፣ ተሸናፊው የአሸናፊው ንዑስ ተቋራጭ ሆኖ ከመጣ፣ ዋጋዎቹ በተመሳሳይ ክፍልፋይ የሚለያዩ ከሆነ ፋይሉን ወደ ውድድር ተቆጣጣሪው ይላኩ። ዕዳን በወቅቱ መክፈል ይህን ችግር ባያጠፋውም የተጫራቹን ቁጥር ያሰፋዋል፤ ከሁሉም ማሻሻያዎች ወጪ የማይጠይቀው እርሱ ነው።

የግዢ ክፍል የማይችለውንም ልንገርዎት፤ ከአለቆችዎ ጋር ሲነጋገሩ ይጠቅምዎታል። በአሜሪካ ልምድ ከመቶ እሳት አንዱ ወይም ሁለቱ ከዓመቱ የማጥፊያ ወጪ 30 በመቶውንና ከዚያ በላይ ይወስዳሉ። እነዚያን ትልልቅ እሳቶች የሚያሳድጋቸው ድርቅ፣ ነፋስ፣ የተከማቸ ደረቅ ደንና ወደ ጫካው የተጠጋ መኖሪያ ነው፤ የትኛውንም በጨረታ አያሸንፉትም። ነገር ግን እሳት ትልቅ የሚሆነው በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ካመለጠ ነው፤ በእነዚያ ሰዓቶች ማን በምን ያህል ደቂቃ እንደሚደርስ የሚወስነው የእርስዎ ውል ነው። ለዚህ ነው ዋጋ ሲያወዳድሩ ከሚያቀርቡት የቀን ተመን ጎን የመድረሻ ጊዜን አስገብተው ነጥብ ይስጡት የምለው። በአንድ ሰዓት የሚደርሰው ውድ ቦቴ በአራት ሰዓት ከሚደርሰው ርካሽ ይሻላል፤ በአራተኛው ሰዓት አንድ ቦቴ ላይበቃ ይችላልና።

የመጨረሻ ነገር። ይህን ሁሉ ቢጀምሩ በመጀመሪያው ዓመት ወጪዎ ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል። ቀድሞ በአስቸኳዩ ኪስ ይደበቅ የነበረው የዝግጁነት ክፍያ አሁን በግልጽ በበጀቱ ላይ ይወጣል፤ መጋዘኑም ይሞላል። ያ ዓመት በአጋጣሚ እሳት ያልበዛበት ከሆነ «ለምን ከፈልን?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ስለዚህ ውሎቹን ከመፈረምዎ በፊት ለአለቆችዎ ደብዳቤ ይጻፉ። በአንድ ዓምድ ያለፉት ዐሥር ዓመታት ወጪ በእርግጥ የተከፈለው፣ በሌላው ዓምድ በአዲሶቹ ውሎች ቢሆን ኖሮ ይከፈል የነበረው ከዓመት ዓመት ይቀመጥ፤ ቀላሎቹ ዓመታት ላይ አዲሱ የሚወደድ መሆኑን ራስዎ አስምረው ያሳዩ። ደብዳቤው የተቀባዩ ፊርማ ያረፈበት ቅጂ ኖሮት በፋይልዎ ውስጥ ይቀመጥ።